የጅብ ጥላ ነው ወይስ ምሳ? የክረምት ጥያቄዎቻችሁ

ዝናቡ ከገባ ወዲህ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ እንጉዳይ ናቸው። ከሱሉልታ፣ ከቡራዩ፣ ከሰበታ፣ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከለገጣፎ። ሁሉም ከከተማው ዳር ነው። አይገርምም። ቤቱ ወደ ጫካው ተጠግቷል፣ ጠዋት ጠዋት የሚራመደው ሰው በዝቷል፣ ፍልሰታም ደርሷልና ከሽሮና ከምስር ሌላ ድስት ውስጥ የሚገባ ነገር የማይፈልግ ቤት የለም። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእንጉዳይ ሰጥቼዋለሁ።

«ከሱሉልታ ነው የምጽፍልዎ። ከግቢያችን በላይ የጥድ ጫካ አለ። ሐምሌ ከገባ ጀምሮ ከዛፉ ሥር ቡናማ እንጉዳይ እንደ አሸን ፈልቷል። ላዩ ያዳልጣል፣ ስገለብጠው ከሥሩ ቢጫ ስፖንጅ ይመስላል። የጎረቤታችን ልጅ እየለቀመ ይጠብሰዋል፣ እስካሁን ምንም አልሆነም። እናቴ ግን የጅብ ጥላ ነው እንዳትነኪው ትለኛለች። ማንን ልስማ?»

እህቴ፣ እናትሽን ስሚ። ልጁንም አትናቂው። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው።

እናትሽ «የጅብ ጥላ» ስትል አንዱን እንጉዳይ ከሌላው ለይታ አይደለም። በእኛ ደጋ ከመሬት ብቅ ብሎ ባርኔጣ የደፋ ሁሉ በዚህ አንድ ስም ይጠራል፤ ለሰው አልተባለም ለማለት ነው። ከፋና ሸካ፣ ወይም ጉሙዞች ዘንድ ብትሄጂ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የዱር እንጉዳይ ምግብ ነው። የቱ ከኩይሳ ላይ እንደሚወጣ፣ የቱ ከወደቀ ግንድ ላይ እንደሚበቅል፣ የቱ እንደማይነካ ልጅ ከእናቱ ጋር እየሄደ ይማራል። እኛ ዘንድ ያ ትምህርት አልተለመደም። መለየት የማይችል ሰው ደግሞ አለመንካቱ ትክክል ነው። የእናትሽ ፍራቻ ብዙ ቤት ከሐዘን የጠበቀ ፍራቻ ስለሆነ እኔ ከልቤ አከብረዋለሁ።

አሁን ወደ እንጉዳዩ እንምጣ። የገለጽሽው በደንብ የማውቀውን ይመስላል። የሳይንስ ስሙ ሱይለስ ሉቴየስ ነው፤ ሉቴየስ በላቲን ቢጫ ማለት ነው። እኛ ቤት ግን «ስፖንጁ» ነው የምንለው፣ እዚህም እንደዚያው ልጥራው። ግን «ይመስላል» ነው ያልኩሽ። ነው ለማለት በእጅሽ ይዘሽ እያንዳንዱን ነገር ማየት አለብሽ።

ባርኔጣው እንደ ተቆላ ቡና ቡናማ ነው፣ ወርዱ ከ5 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ዝናብ ሲያገኘው ተልባ የፈሰሰበት ይመስላል፣ ልጋጉ ጣት ላይ ይቀራል። ሲደርቅ ደግሞ ያብረቀርቃል፣ ሣርና ቅጠል ተጣብቆበት ታገኚዋለሽ። ጠርዙን በጥፍርሽ ቆንጥጠሽ ወደ መሐል ብትስቢው ቆዳው እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተገሽልጦ ይመጣል። ይህ ትልቅ ምልክት ነው። ገልብጪው። ሱቅ የምናየው እንጉዳይ ከሥሩ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ ቀጫጭን ገጾች አሉት። ይሄኛው ግን ገጽ የለውም። የሎሚ ቢጫ ስፖንጅ ነው፣ በመርፌ የተወጋጋ የሚመስል።

ከሁሉ በላይ ግን የማምነው ቀለበቱን ነው። ገና ለጋ ሆኖ ካገኘሽው ስፖንጁ አይታይም፣ በነጭ ስስ ሽፋን ተሸፍኗል፣ ልክ የሕፃን ጡጦ አፍ ላይ ነጠላ የተወጠረ ይመስላል። ባርኔጣው ሲከፈት ሽፋኑ ይቀደድና እግሩ ላይ እንደ ቀለበት ይቀራል። ቀለበቱ ከላይ ነጭ ነው፣ ከሥር ግን ቀን በቆየ ቁጥር ወደ ወይን ጠጅ ቡናማ ይሄዳል። ከቀለበቱ በላይ ያለው የእግሩ ክፍል ቢጫ ሆኖ እንደ ቁንጫ ነጥብ ነጥብ ያለበት ነው። በቢላ ለሁለት ሰንጥቂው፤ ሥጋው ነጣ ያለ ወይም ፈዛዛ ቢጫ ነው፣ አየር ሲያገኘውም ቀለሙ አይለወጥም። ስፖንጅ ኖሮት ቀዳዳው ቀይ ከሆነ ወይም ሲቆረጥ ዓይንሽ እያየ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ሌላ እንጉዳይ ነው፣ ተዪው።

አንድ ሥራ ልስጥሽ። አንዱን ያደገ ባርኔጣ ከእግሩ ቁረጪና ስፖንጁን ወደ ታች አድርገሽ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጪው፣ ብርጭቆ ድፊበት፣ ይደር። ጠዋት ስታነሺው ወረቀቱ ላይ ቡናማ ዱቄት ታገኛለሽ። ዘሩ ማለት ነው። ነጭ ዱቄት ከወጣ ወይም አረንጓዴ ከወጣ የያዝሽው ስፖንጁ አይደለም።

ይህን እንጉዳይ ለጀማሪ የምመርጠው ጣዕሙ ከሁሉ ስለሚበልጥ አይደለም፣ እውነቱን ለመናገር ከእሱ የሚጣፍጡ አሉ። የምመርጠው በዓለም ላይ ብዙ ሰው የገደሉት እንጉዳዮች ገጽ ያላቸው፣ እሱ ግን ስፖንጅ ያለው ስለሆነ ነው። ስለ እንጉዳይ ሁሉ አትማሪ። አንዱን ተማሪ። አንዱን ብቻ እስከ ጥፍሩ እወቂው፣ ሌላውን ሁሉ እንደ እናትሽ የጅብ ጥላ ብለሽ እለፊው።

የጎረቤትሽ ልጅ ደህና መሆኑ እሱ የበላው ደህና እንደነበር እንጂ አንቺ የለቀምሽው ደህና መሆኑን አያሳይም። ስለዚህ አብረሽው ውጪ። እሱ ያነሳውን በአንድ እጅሽ፣ አንቺ ያገኘሽውን በሌላው ይዘሽ አስተያዪ።

«ጓደኛዬ ከጥድ ሥር የሚበቅል የሚበላ እንጉዳይ አለ ብሎኝ ሁለት ቅዳሜ ከሰበታ ተነስቼ መናገሻ ሱባ ድረስ ሄድኩ። ግዙፎቹ ጥዶች ሥር ተንበርክኬ ፈለግሁ። አንድም የለም። ዘግይቼ ነው?»

ወንድሜ፣ አልዘገየህም። የሳትከው ዛፉን ነው።

ችግሩ የቋንቋ ነው። ጥድ የምንለው ቢያንስ ሦስት የተለያየ ዛፍ ነው። አንደኛው የአገራችን ጥድ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የምታየው፣ አጥር የሚታጠርበት፣ መናገሻ ሱባ ላይ ሰማይ የሚነካው። ሁለተኛው የፈረንጅ ጥድ ነው፣ መሠረቱ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ፣ ግቢ ለግቢ እየተከረከመ አጥር የሚሆነው። ሦስተኛውን የደን ሰዎች «ፓይን» ይሉታል፣ ወይም በየዓይነቱ «ፓቱላ» እና «ራዲያታ»። ስፖንጁ የሚፈልገው ይሄኛውን ብቻ ነው።

መለየቱ ቀላል ነው። ቅርንጫፉን ዝቅ አድርገህ ቅጠል ንቀል። የአገር ጥድና የፈረንጅ ጥድ ቅጠላቸው እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ የተለጠፈ ነው። የፓይን ቅጠል ረጅም መርፌ ነው። ሲነቀል ደግሞ አንድ በአንድ አይመጣም፣ ከሥሩ በትንሽ ቡናማ ሽፋን ታስሮ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሦስት ሆኖ ይመጣል። የፓቱላ መርፌ እንደ ፀጉር ወደ ታች ይንዠረገጋል፣ የራዲያታው ቆም ያለ ነው። ሸውሸዌም ከሩቅ ያሳስታል፤ የእሱ መርፌ ግን እንደ ቀርከሃ አንጓ አንጓ አለው፣ ብትጎትተው አንጓው ላይ ይበጠሳል።

ለምን ፓይን ብቻ? እንጉዳይ ስንለቅም የምናነሳው ፍሬውን ነው። ዋናው አካሉ ከመሬት በታች ያለ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ክር ነው። የስፖንጁ ክር የፓይኑን የሥር ጫፎች እንደ ካልሲ ይሸፍናቸዋል። ከአፈሩ ውኃና እንደ ፎስፈረስ ያለ ማዕድን ለዛፉ ያቀብላል፣ ዛፉ ደግሞ ከቅጠሉ የሠራውን ስኳር ይሰጠዋል። አንዱ ያለ አንዱ ይቸገራል። የአገራችን ጥድ፣ ዝግባውም ወይራውም ከሥራቸው ጋር የሚኖር ፈንገስ አላቸው፣ ያ ግን ሌላ ወገን ነው፣ በዓይን የማይታይ፣ ባርኔጣ የማያወጣ። ስለዚህ የመናገሻን ትልቁን ጥድ ሥር ዕድሜህን ሙሉ ብትፈልግ ስፖንጁን አታገኝም።

ፓይን የእኛ አይደለም። ፓቱላ ከሜክሲኮ፣ ራዲያታ ከካሊፎርኒያ ጠረፍ ነው የመጣው። እንጉዳዩም የመጣው ከእሱ ጋር ነው። በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ፓይን መጀመሪያ ሲተከል ችግኙ ቢጫ እየሆነ አልይዝ ብሎ ነበር፣ መፍትሔው የተገኘው ከቆየ የፓይን ጫካ አፈር አምጥተው ሲጨምሩበት ነው። አፈሩ ውስጥ ያለው ክር ነበር የጎደለው። ቺሌም ራዲያታ በስፋት ተክላ ሥሩ የሚወጣውን ይህንኑ ስፖንጅ አድርቃ ወደ ውጭ ትሸጣለች። እኛ የምንረግጠውን ማለት ነው።

መናገሻ መሄድህ ግን አያስቆጭህ። ያ ጫካ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ችግኝ አስመጥተው አስተከሉት የሚባልለት ነው። ከግርጌው የተተከሉ የውጭ ዛፎችም አሉ። ነገር ግን ጥበቃ ያለበት ደን ስለሆነ ምንም ከመልቀምህ በፊት ጠባቂዎቹን አነጋግር። የግለሰብ ወይም የማኅበር ጫካ ከሆነም ባለቤቱን። ሰላም ብሎ የጠየቀን ሰው እንቢ ያለ ጠባቂ እስካሁን አልገጠመኝም፣ እንዲያውም የት የት እንደሚወጣ ያሳዩሃል።

«እንጦጦ ጀርባ ነው የምኖረው። ባህር ዛፍ ሥር ነጭ፣ የሚያምር እንጉዳይ አየሁ። ሱፐርማርኬት የሚሸጠውን ይመስላል። አክስቴ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ቀቅይውና ሽንኩርቱ ካልጠቆረ ብዪው አለችኝ። ፎቶ ልኬልዎታለሁ፣ ይፍረዱልኝ።»

የኔ እህት፣ እባክሽ አትብዪው።

ፎቶውን አይቼዋለሁ፣ ያምራል። በፎቶ ግን አልፈርድም፣ ስልክሽ ላይ የጫንሽው አፕ ቢፈርድልሽም እንዳታምኚው። ፎቶ ሽታ የለውም፣ እግሩ መሬት ውስጥ ምን እንደያዘ አያሳይም፣ በማግስቱ የሚወድቀውን ዱቄት አያሳይም። እኔ ስሳሳት ሆስፒታል የምትገቢው አንቺ ነሽ።

የነጭ ሽንኩርቱ ነገር ውሸት ነው። የብር ማንኪያውም ውሸት ነው። የሚገድለው መርዝ ሽንኩርትም ብርም አያጠቁርም። «ከብት ነክሶት አየሁ፣ ጦጣ በላው፣ ትል ገባበት» የሚለውም አይሠራም፤ ለእነሱ የማይጎዳው ለእኛ ይጎዳል። መቀቀል፣ ውኃውን መድፋት፣ ማድረቅ፣ ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት፣ አንዱም ያን መርዝ አያጠፋውም።

በዓለም ላይ በእንጉዳይ ከሚሞተው ሰው አብዛኛውን የሚገድለው አማኒታ ፋሎይደስ የሚባለው ነው። ከአውሮፓ ተነስቶ ከዛፍ ችግኝ ጋር ወደ ሌሎች አህጉራት ተሻግሯል። ግማሽ ባርኔጣው ለአንድ ሰው ሊበቃ ይችላል። በልተው የተረፉ ሰዎች ጣፋጭ ነበር ይላሉ፣ ስለዚህ ምላስም አያድንም። እሱና ዘመዶቹ ከባርኔጣቸው ሥር ነጭ ገጽ፣ እግራቸው ላይ ቀለበት፣ ከእግሩ ግርጌ ደግሞ እንደተሰበረ የእንቁላል ቅርፊት ያለ ከረጢት አላቸው። ከረጢቱ አፈር ውስጥ የተቀበረ ነው። በቢላ ከላይ ቆርጠሽ ካነሳሽው መሬት ውስጥ ይቀራል፣ አንቺም አታዪውም። ለዚህ ነው የማናውቀውን እንጉዳይ ለማየት ከፈለግን ቆፍረን እናውጣው የምለው። ቀይ ሆኖ ነጭ ነጥብ ያለበት የተረት መጽሐፍ ላይ የሚሣለውም የዚሁ ወገን ነው፣ እሱም ከፓይን ጋር ብዙ አገር የዞረ ነው፣ መርዛማ ነው። ገጹ ሲያረጅ ወደ አረንጓዴ የሚሄድ፣ ሣር ላይ የሚወጣ ትልቅ ነጭ እንጉዳይም አለ፤ እሱ ባይገድልም ሌሊቱን ሙሉ ያስመልሳል።

የመርዙ አካሄድ ተንኮለኛ ስለሆነ ይህን ሁሉም አንባቢ ይያዘው። ከተበላ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ምንም ላይሰማ ይችላል። ከዚያ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ይጀምራል። ቀጥሎ ሰውየው የተሻለው ይመስላል፣ ይነሳል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ቤተሰቡ «ተመስገን» ይላል። በዚያን ጊዜ ግን መርዙ ጉበቱን እየበላው ነው። በቀናት ውስጥ ጉበትና ኩላሊት ሥራ ያቆማሉ። ስለዚህ የዱር እንጉዳይ በልቶ ከሰዓታት በኋላ ያመመውን ሰው ተሻለኝ ቢልም ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ወተት መስጠት መርዙን አይፈታውም፣ ጊዜ ነው የሚበላው። የቀረውን ጥሬ እንጉዳይ፣ የተረፈውን ወጥ፣ ከሌለ የተላጠውንና ከቆሻሻ ቅርጫት የተገኘውን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል። አምቡላንስ ካስፈለገ የቀይ መስቀል 907 ነው። አብረው የበሉ ሰዎች ምንም ባይሰማቸውም አብረው ይሂዱ።

አክስትሽን በቁጣ አትናገሪያት። ይህን ገጽ አንብቢላት።

«ስፖንጁን በደንብ አውቀዋለሁ፣ አባቴ የደን ሠራተኛ ስለነበር ከልጅነቴ አሳይቶኛል። ችግሬ መጥበሻው ላይ ነው። በሠራሁት ቁጥር እንደ ባሚያ ይላጋል። ባለቤቴ ሁለተኛ አልበላም ብሏል። ለፍልሰታ እንዴት ልሥራው? ከቡራዩ።»

እንዴት ደስ የሚል ጥያቄ ነው! አባትሽን አመስግኚልኝ።

ጥፋቱ ቆዳው ላይ ነው። ልጋጉ ያለው ባርኔጣው ቆዳ ላይ ስለሆነ ቆዳው የግድ መላጥ አለበት። ለመልክ ብቻ አይደለም፣ ሆድም ይረብሻል። እኔ መጀመሪያ በለቀምኩበት ክረምት ሰዓት ቆጥቤ ሳልልጥ ሠራሁት፣ እኔም እህቴም ሁለት ቀን ሙሉ ከመጸዳጃ ቤት አልራቅንም። ከዚያ ወዲህ አንድ ቆዳ እንኳ አላሳለፍኩም።

ለመላጥ ምስጢሩ ውኃ አለማስነካት ነው። ካጠብሽው ቆዳው ይሟሟና እጅሽ ላይ ይቀልጣል። መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ አፈሩንና መርፌ ቅጠሉን ጥረጊ። ከዚያ ጠርዙን በትንሽ ቢላ ያዝ አድርገሽ ሳቢ፣ በሦስት በአራት ዙር ያልቃል። ጣትሽ ቡናማ ይሆናል፣ ሁለት ቀን ይቆያል። ቀጥሎ ለሁለት ሰንጥቂውና ትል እይ። ዝንብ እግሩ ላይ እንቁላል ትጥልበታለች፣ ሁለት ሦስት ቀን የቆየ እንጉዳይ ውስጡ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው። እሱን ጣይው። ስፖንጁ ጠንካራና ቢጫ ከሆነ ይቆይ፣ ውኃ ጠጥቶ ከላላ ግን በአውራ ጣትሽ ግፊው፣ እንደ ቅቤ ተላቆ ይወርዳል።

አሁን መጥበሻ። ዘይት አታድርጊ። መጥበሻውን አግለሽ እንጉዳዩን ደረቁን ጨምሪው፣ ጨው ቆንጠር አድርጊበት። ውኃውን ይለቃል፣ በጣም ብዙ ነው፣ አትደንግጪ፣ ከክብደቱ 90 በመቶ ገደማ ውኃ ነው። ሳትከድኚ ውኃው ድርቅ ብሎ መጥበሻው «ጭር» የሚል ድምፅ እስኪያሰማ አማስዪው፣ 15 ደቂቃ ይፈጃል። የሚላገው እዚህ ጋ ስለሚቸኮል ነው። ውኃው ካለቀ በኋላ ዘይት፣ ከዚያ በደቃቁ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ ቀላ ሲል ነጭ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠል፣ ቁንዶ በርበሬ። ቃሪያውን መጨረሻ ላይ በትልልቁ ቆርጠሽ ጣል አድርጊበትና አውጪው። ለባለቤትሽ ከመስጠትሽ በፊት ጠርዙ ወርቅማ እስኪሆን ይጠበስ። ትኩስ እንጀራ ላይ አፍስሺው። በርበሬ ከወደድሽ ሽንኩርቱ ላይ ግማሽ ማንኪያ ጨምሪ፣ እኔ ግን ያለ በርበሬ እመርጠዋለሁ፣ የእንጉዳዩ ሽታ ይጠፋብኛል።

መጀመሪያ የሚበላ ሰው ትንሽ ብቻ ይቅመስ፣ ሁለት ሦስት ጉርሻ፣ ከዚያ እስከ ማግስቱ ይጠብቅ። ይህ እንጉዳይ የማይስማማቸው ሰዎች አሉ። ጥሬውን ማንም አይብላው። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ ከለቀምኩት አንዱን ጥሬ በወረቀት ጠቅልዬ እስከ ማግስቱ ፍሪጅ ውስጥ አቆያለሁ፣ አንድ ነገር ቢፈጠር ሐኪም እንዲያየው።

«ብዙ ለቅሜ ተረፈኝ። በክረምት ፀሐይ በሌለበት እንዴት ነው የሚደርቀው?»

በምጣድ። ላጪው፣ ስፖንጁን አውጪ፣ እንደ ቋንጣ ቀጠን አድርገሽ ቁረጪው። እንጀራ ጋግረሽ ስትጨርሺ ምጣዱን ከሶኬት ንቀይና ለብ እስኪል ጠብቂ፣ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፈሽ ደርድሪበት፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጊ። ከተከደነ ይታፈናል። በማግስቱ በክር ሰክተሽ ከምድጃው በላይ ስቀይው። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ ከተጠማዘዘ ገና ነው፣ እንደዚያው ጠርሙስ ውስጥ ካስገባሽው ይሻግታል። አንድ ኪሎው ወደ 100 ግራም ይወርዳል። እኔ ወቅጬ ሽሮ ላይ ነው የምጨምረው፣ ለአንድ ድስት አንድ የሾርባ ማንኪያ።

«ከአስፋልቱ ዳር ያሉት ፓይኖች ሥር በጣም ብዙ አለ። ጫካ ድረስ መድከም ለምን ያስፈልጋል?»

እንጉዳይ ከአፈሩ እንደ እርሳስ ያሉ ጤና የሚጎዱ ከባድ ብረቶችን ይስባል፣ በውስጡም ያከማቻል። ስፖንጁ ደግሞ በብረት የተበከለ አፈር ላይም በደንብ ይኖራል፣ ስለዚህ ጤነኛ መስሎ ይታይሃል። ከመኪና መንገድ፣ ከፋብሪካ፣ ከቆሻሻ መጣያ፣ ከጋራዥ አካባቢ አትልቀም። መጥበስም ማጠብም አያወጣውም። ጫካው ውስጥ ግባ።

«የ8 ዓመት ልጄ አብሬህ ልሂድ እያለች ታለቅሳለች። ይዣት ልሂድ ወይስ ገና ናት? ከለገጣፎ።»

ይዘሃት ሂድ። እንጉዳይ በመንካት አይመርዝም፣ የሚጎዳው ሲበላ ነው። ሕጉ አንድ ብቻ ይሁን፤ ጫካ ውስጥ ምንም ነገር ወደ አፍ አይገባም፣ እጅ ሳይታጠብ ብስኩትም ቢሆን። ጎሕ ሳይቀድ አትውጡ። ጅቡ ከጥላው ጋር እንጦጦና የካ ጫካ ውስጥ አለና ከጠዋቱ 1 ሰዓት በኋላ ይሁን። ቦቲ ጫማ፣ ትንሽ ቢላ ለአንተ፣ ዘንቢል ለእሷ። ፌስታል አትያዙ፣ እንጉዳዩ ውስጡ ያልበውና ቤት ሳይደርስ ይበላሻል።

ለእሷ ሥራ ስጣት። ዛፉን የምትመረምር እሷ ትሁን። መርፌ ቅጠሉን ትንቀልና ትቁጠር፣ ሦስት ካልሆነ አንተ ጎንበስ አትልም። ከዚያ እንጉዳዩን አንተ ታነሳለህ፣ ቀለበቱን እሷ ትፈልጋለች። ቀለበት ያላገኘችበትን ወደ ዘንቢሉ አታስገባ፣ ምንም ያህል እርግጠኛ ብትሆን። ዝናብ አጥቦት ቀለበቱ የጠፋበት ይኖራል፣ እሱን እዚያው ተውት፣ ዘሩን ይበትናል።

ቤት ስትመለሱ መላጡን ትፈልገዋለች፣ ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል፣ ቆዳው ሲገሸለጥ ድምፅ አለው። ያረጀ ልብስ አልብሳት፣ ልጋጉ ከጨርቅ አይለቅም።